ስለ ጎንደር የተወራው ስልካችሁ ውስጥ ሲገባ፦ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት

አንድ ቻናል «ሰበር፦ ጎንደር አሁን!» ብሎ ቪዲዮ ለቀቀ እንበል። ሰው ይሮጣል፣ ጭስ አለ፣ ከካሜራው ጀርባ አንድ ሰውዬ ይጮሃል። ብዙም ሳይቆይ ከአዲስ አበባ፣ ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ ስልክ ይጎርፋል። «ደህና ናችሁ?» እናንተ ፒያሳ ቁጭ ብላችሁ ማኪያቶ እየጠጣችሁ ነው። ባጃጁ ይመላለሳል፣ ሊስትሮው ጫማ ይጠርጋል። ታዲያ ምን ትመልሳላችሁ?

«ውሸት ነው» ለማለት አትቸኩሉ። ከተማዋ ሰፊ ናት፤ ፒያሳ ሰላም ሆኖ አዘዞ ወይም ማራኪ በኩል የሆነ ነገር ሊኖር ይችላል። «አዎ ሰምቻለሁ» ማለት ደግሞ ይብሳል። ውጭ ያለ ዘመድ እናንተ ያላችሁትን ሁሉ «ጎንደር ያለ ሰው ነው የነገረኝ» እያለ ነው የሚያወራው። እናንተ ግን የሰማችሁት ከዚያው ቻናል ነው። በቃ፣ ወሬው ከተማዋን ሳይረግጥ የጎንደር ወሬ ሆነ። ስለዚህ አፋችሁን ከመክፈታችሁ በፊት እነዚህን ነገሮች እዩ።

ማን ነው ያወራው?

ቴሌግራም ላይ ከቻናል ፎርዋርድ የተደረገ መልዕክት ብዙ ጊዜ ከላዩ የዋናው ቻናል ስም አለው። ስሙን ንኩት፣ ወደ ዋናው ፖስት ይወስዳችኋል፤ ቀኑን እዚያ ታያላችሁ። ከዚያ ወደ ላይ እየሄዳችሁ ቻናሉ ከዚህ በፊት ምን ሲለጥፍ እንደነበር ተመልከቱ። ትናንት የእግር ኳስ ውርርድ ሲያስተዋውቅ የነበረ ቻናል ዛሬ የጦር ሜዳ ዘጋቢ ከሆነ እዚያው ተዉት። ፌስቡክ ላይ ደግሞ የገጹን «አባውት» ክፈቱና «ፔጅ ትራንስፓረንሲ» የሚለውን ፈልጉ። ገጹ መቼ እንደተከፈተ፣ ስሙን ቀይሮ እንደሆነ፣ ብዙ ጊዜም የሚያስተዳድሩት ሰዎች የት አገር እንዳሉ ያሳያል። በጎንደር ስም የተከፈተ ገጽ አስተዳዳሪዎቹ በሙሉ ውጭ አገር ሆነው ብታገኙት አይግረማችሁ። ያ ብቻውን ውሸታም አያደርገውም፤ «አሁን በዓይናችን እያየን ነው» ሲል ግን አትመኑት።

የአሚኮ፣ የፋና ወይም የቢቢሲ አማርኛ ሎጎ ያለበት ምስል ሲመጣም ወደ ራሳቸው ገጽ ሂዱና መኖሩን እዩ። ሎጎ መለጠፍ ለማንም አይከብድም። ድሮ አዋጅ ነጋሪ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ሲል ማን እንደላከው አገር ያውቅ ነበር፤ አሁን «ሼር ሼር» የሚለን ሰው ስሙም የለም።

ቪዲዮውን እንደ ጎንደር ልጅ እዩት

እዚህ ላይ ከየትኛውም የኮምፒውተር ባለሙያ ትበልጣላችሁ። መጀመሪያ ድምፁን አጥፉት። የሚጮኸው ሰውዬ ምን እያያችሁ እንደሆነ እንዲነግራችሁ አትፍቀዱለት። ከዚያ ቪዲዮውን እያቆማችሁ ከኋላ ያለውን ተመልከቱ። የፋሲል ግቢ አጥር ይታያል? የፒያሳው የጣሊያን ጊዜ ፖስታ ቤትስ? የሱቁ ታፔላ ላይ የየትኛው ከተማ ስም ነው ያለው? መኪናው የቆየ ታርጋ ከሆነ «አማ» ይላል ወይስ «አአ»? «አማ» ቢልም ጎንደር ነው ማለት አይደለም፣ ደሴም ባሕር ዳርም ያው ነው። መሬቱንም እዩ። ባሕር ዳር ሜዳ ነው፤ ጎንደር ውስጥ ግን፣ አዘዞን ትተን፣ ዳገትና ቁልቁለት የሌለበት ሰፈር ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል።

ወቅቱስ? የካቲት ላይ ተቀረጸ የተባለው ቪዲዮ ውስጥ ሣሩ ለምልሞ፣ መንገዱ ጨቅይቶ፣ ሰው ጃንጥላ ይዞ ካያችሁ እሱ የክረምት ቪዲዮ ነው። ሕዝቡ ነጭ በነጭ ለብሶ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ የሚተም ከሆነ ደግሞ ጥምቀት ሊሆን ይችላል። የጥምቀትን ሕዝብ ቆርጦ፣ ድምፁን ቀይሮ «ሕዝቡ ገንፍሎ ወጣ» ማለት ምንም አያስቸግርም።

ከዚያ ምስሉ ጥርት ያለበት ቦታ ላይ ሁለት ሦስት ስክሪንሹት አንሱና ጉግል ሌንስ ውስጥ አስገቡ። ከዚህ በፊት የሆነ ቦታ ወጥቶ ከሆነ ሊያመጣው ይችላል። ካላመጣው አዲስ ነው ማለት አይደለም፣ ቴሌግራም ውስጥ ያለውን ብዙውን ነገር ጉግል አያገኘውም።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ግን በዓመተ ምሕረቱ ነው። ሌንስ «2016» የሚል ገጽ አመጣላችሁ እንበል። በእኛ 2016 ከሆነ ክልሉ ጦርነት ውስጥ የነበረበት ጊዜ ነው። በፈረንጅ 2016 ከሆነ ግን አብዛኛው በእኛ 2008 ነው፤ ሐምሌ 24 ጎንደር ላይ ያ ሁሉ ሕዝብ ለሰልፍ የወጣበት። አንዱን በሌላው ስም ለማዞር ቁጥሩ ራሱ ያግዛል። ገጹን ከፍታችሁ ወሩን ጭምር አረጋግጡ። ሰዓትም እንደዚያው፦ ፖስቱ ላይ ያለው 3:00 በሀበሻ ነው በፈረንጅ?

ከዚያ ደውሉ

ስልኩ የሚያውቀው እስከዚህ ነው። ወሬው ሳሙና በር ነው የሚል ከሆነ ሳሙና በር ለሚኖር ሰው ደውሉ። «ምን ተፈጠረ?» ብላችሁ ግን አትጠይቁ፣ ሰው የሰማውን ሁሉ ይዘረግፍላችኋል።

«ኧረ ተኩስ ነበር አሉ።»
«አንተ ሰማህ?»
«እኔስ አልሰማሁም፣ እህቴ ናት የነገረችኝ።»
«እሷስ የት ሆና ሰማች?»
«እሷ እንኳን ቲክቶክ ላይ አይታ ነው።»

ሁለት ምስክር ያገኛችሁ መስሏችሁ ነበር፤ ሁለቱም የሚያወሩት ስለዚያው ቪዲዮ ነው። «ራስህ ያየኸው ምንድን ነው? የት ሆነህ?» የምትለዋ ጥያቄ ብዙ ወሬ ታቃልላለች። እና እባካችሁ፣ ለማጣራት ብላችሁ በእግራችሁ አትሂዱ።

ለሚደውልላችሁ ዘመድም በዚሁ መንገድ መልሱ፦ «እኔ ያለሁበት ሰላም ነው፣ ሱቅ ክፍት ነው። ሌላውን ሰፈር አላየሁም፣ ጠይቄ እደውልልሻለሁ።» ያላያችሁትን ሰፈር አትጨምሩበት።

ቮይስ ደግሞ ከቪዲዮ ይከፋል፣ ምክንያቱም የሚታይ ነገር የለውም። ማታ «ነገ ቤንዚን የለም፣ ማደያ የሚሠራ ሰው ነው የነገረኝ» የሚል ቮይስ ይዞራል እንበል። ጠዋት ባጃጁ ሁሉ ይሰለፋል፣ ቀን ላይ ቤንዚኑ እውነትም ያልቃል፣ ቮይሱን የላከው ሰው «ብያችሁ ነበር» ይላል። እንዲህ ያለው ነገር ሲደርሳችሁ የሚናገረው ሰው ማን ነው፣ የትኛው ማደያ ነው ብላችሁ ጠይቁ። ስም ከሌለው ወደ ማንም አትላኩት።

ኮሜንታችሁንም ቆጥቡ

ለምን የሚያናድደው ብቻ ነው የሚመጣብኝ ትሉ ይሆናል። ፌስቡክ በጥር 2010 ሰው ብዙ ኮሜንት የሚጽፍበትንና የሚነጋገርበትን ፖስት የሚያስቀድም ለውጥ አድርጓል። የሚያናድድ ፖስት ደግሞ ኮሜንት አያጣም። የድርጅቱ ሠራተኛ የነበረችው ፍራንሲስ ሃውገን በመስከረም 2014 ለአሜሪካ ሴኔት ስትመሰክር፣ ይሄ አሠራር እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች የብሔር ግጭት እያባባሰ ነው ብላለች። ስለዚህ «ውሸታም!» ብላችሁ ኮሜንት ስትጽፉ ፖስቱን ወደ ላይ እየገፋችሁት ሊሆን ይችላል። ሪፖርት አድርጉና እለፉ። ስለ ውሸቱ መናገር ካለባችሁ በራሳችሁ ገጽ ጻፉ፣ ስክሪንሹቱ ላይም በትልቁ «ሐሰት» ብላችሁ።

የሰው ስምና ፎቶ አድርጎ «ይሄን ሰው እወቁት» የሚል ፖስት ከሆነ ግን እውነት ይሁን ውሸት አታጣሩ፣ በጭራሽ አታስተላልፉት። በ2014 መጀመሪያ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ስማቸው፣ ፎቷቸውና የሥራ ቦታቸው ተጠቅሶ ፌስቡክ ላይ ተወነጀሉ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ቤታቸው አጠገብ ተገደሉ። ልጃቸው ፖስቶቹ እንዲነሱ አመልክቼ ነበር ይላል፤ በታኅሣሥ 2015 ናይሮቢ ላይ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከሷል።

ሕጉም አለ። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ላይክና ታግን እንደ ማሰራጨት አይቆጥርም። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው አካውንት ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ሰው ግን እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ሊጠብቀው ይችላል።

ዳታ ሲጠፋ፣ ጋሼ ሲሳሳቱ

ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ዳታ ለወራት ተዘግቶ እንደነበር አትረሱትም። እንዲህ ባለ ጊዜ ወሬ በአፍ ይሄዳል፣ በየቤቱ ትንሽ ትንሽ ይጨመርበታል። ዳታ ሲመለስ ደግሞ የከረመው መልዕክት ሁሉ በአንዴ ይገባል። መልዕክቱ ውስጥ «አሁን» የሚለው ላኪው የጻፈበት አሁን ነው፣ ቀኑን ሳታዩ አትደንግጡ።

የቤተሰብ ግሩፕ ላይ የቆየ ቪዲዮ የለጠፉት ጋሼ ከሆኑ በሰው ፊት አታርሟቸው። በውስጥ ጻፉላቸው፦ «ጋሼ፣ ይቺ ቪዲዮ የ2008 ናት፣ ሰው እንዳይደነግጥ ብዬ ነው፣ ቢያጠፏት?» አብዛኞቹ ያጠፋሉ። ካላጠፉ ግሩፑ ላይ አንድ ጊዜ በትሕትና ቀኑን ጻፉና ተዉት። መረጃ አጣሪዎቹ ኢትዮጵያ ቼክ ወይም ሀቅቼክ ጉዳዩን አጣርተውት ከሆነ ሊንኩን ጨምሩበት፤ ጋሼ የእናንተን ባይሰሙ የእነሱን ሊያነቡ ይችላሉ።