ኩፍኙ ከከሰመ በኋላ ልጁን እንዴት እንከታተል

ሽፍታው ጠቁሮ ቆዳው መላጥ ሲጀምር «ተመስገን፣ አለፈለት» ይባላል። ከደጀን ቆላ እስከ ዳሞት ደጋ በብዙ ቤት ክትትሉ እዚያ ላይ ያበቃል። የኩፍኝ ጉዳት ግን ገና ለወራት ይቀጥላል።

መጀመሪያ ቫይታሚን ኤ። ኩፍኝ በሰውነት ያለውን ክምችት ስለሚያሟጥጥ ልጁ ቢወፍርም ቢከሳም ይሰጠዋል። መጠኑ ከ6 ወር በታች 50 ሺህ፣ ከ6 እስከ 11 ወር 100 ሺህ፣ ከዚያ በላይ 200 ሺህ ዩኒት ነው፤ ዛሬ አንድ፣ ነገ አንድ። ብዙ ጊዜ የሚቀረው የነገው ነው። ጤና ኬላው ሩቅ ከሆነ እቤት የሚሰጠውን አስይዘው እንዲሸኟችሁ ጠይቁ። ካፕሱሉ አይዋጥም፤ ጫፉ ተቆርጦ ፈሳሹ አፉ ውስጥ ይጨመቃል። ዓይኑ ላይ ምልክት ካለ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ሦስተኛ ይጨመርለታል።

ዓይኑን የምታዩት ሲመሽ ነው። ቀን ሲቦርቅ የዋለ ልጅ ጀምበር ስትጠልቅ በርጩማ እየገጨ የሚሄድ፣ የወደቀ ቆሎ በእጁ እየዳበሰ የሚፈልግ ከሆነ ዳፍንት ይዞታል። ነጩ ላይ፣ በጆሮ በኩል፣ የሳሙና አረፋ የመሰለ ነገርም ይታያል። ጥቁሩ ላይ ዳመና ከጣለ ወይም ብርሃን ፈርቶ ዓይኑን አልገልጥ ካለ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው፤ ዓይኑ በቀናት ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። የቅጠል ጭማቂም ሆነ የጡት ወተት አታድርጉበት። ጠበል ቢጠመቅም መድኃኒቱ አይቋረጥ።

ጆሮው መግል ካወጣ ንጹሕ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ እንደ ጧፍ ጠቅልላችሁ አስገቡ፤ ሲርስ አውጡና በሌላ ተኩ፣ ደርቆ እስኪወጣ ድረስ፣ በቀን 3 ጊዜ። ዘይት ወይም ቅቤ አይንጠብበት። ከ14 ቀን ካለፈ የጆሮ ጠብታ ያስፈልገዋል፤ ከጆሮው ጀርባ አብጦ ካመመው ግን ዛሬውኑ ሆስፒታል ነው። በኋላ ከጀርባው ቆማችሁ ቀስ ብላችሁ ስሙን ጥሩት። ትምህርት ቤት «ሰነፍ» የሚባለው አንዳንዱ ልጅ የማይሰማ ነው።

ኩፍኝ ሰውነት ቀድሞ የለመደውን መከላከያም ያስረሳዋል፤ መልሶ ለመገንባት እስከ 2 ወይም 3 ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ተራ ሳል አትናቁ። ልጁ ሳያለቅስ ልብሱን ገልጣችሁ በስልክ ሰዓት አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ቁጠሩ። ከ2 ወር እስከ ዓመት ላለ 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል ውሰዱት።

ምግቡ ላይ ነው ብዙ የሚበላሸው። ቀጭን አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ አያወፍርም፤ ከማንኪያ ቶሎ የማይፈስ ይሁን፣ ቅቤ ወይም ዘይት ይግባበት። እንቁላል፣ ጉበት፣ ወተት፣ ጎመን፣ ዱባ፣ ማንጎ ስጡት፤ ክብደቱ እስኪመለስ በቀን አንድ ተጨማሪ ማዕድ ይኑረው። ሕፃን አይጾምም። የሚያስቸግረው የእናት ጾም ድስት በፍስክ እንዳይነካ መፍራት ነው፤ ለልጁ አንድ ትንሽ ድስትና ማንኪያ መለየት ነገሩን ይጨርሰዋል። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የግራ ክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ፣ ወይም ሁለቱም እግሮቹ ሲጫኗቸው እንደተጎደጎዱ ከቀሩ ቤት አይቆይ።

አልፎ አልፎ ደግሞ፣ በተለይ ከ2 ዓመቱ በፊት ኩፍኝ የያዘው ልጅ፣ ከ7 እስከ 10 ዓመት ቆይቶ ትምህርት እየረሳ፣ ጠባዩ እየተለወጠ፣ ሰውነቱ ድንገት እየነጠረ ይመጣል። ይህ የአንጎል ሕመም እስካሁን ፈዋሽ የለውም፤ መከላከያው የኩፍኝ ክትባት ብቻ ነው። የሚሰጠው በ9ኛውና በ15ኛው ወር ነው። የታናሽየውን ካርድ አውጡና የ15ኛው ወር ቦታ ባዶ እንደሆነ እዩ።