«ከበዓሉ በኋላ እመጣለሁ»፦ ሥራ ላይ እያሉ ከመጠጥ ለመላቀቅ የሚያስቡ ሰዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መስከረም 19 ቀን ጠዋት አንድ መምህር በሁለት ባልደረቦቹ ተደግፎ ወደምሠራበት ክፍል ገባ። ምላሱን ነክሶታል፤ በሸሚዙ እጅጌ ላይ ጠመኔና ደም ተቀላቅሏል። ቀኑን ሰሌዳ ላይ እየጻፈ ሳለ ነበር ወድቆ የተንፈራገጠው። ባልደረቦቹ የሚጥል በሽታ መስሏቸው ክብሪት ጭረው አሽትተውታል። የሚጥል በሽታ ግን ኖሮበት አያውቅም። ለመስቀል ሦስት ቀን ሙሉ አረቄ ሲጠጣ ሰንብቶ፣ «ከእንግዲህ በቃኝ፣ ተማሪ ይጠብቀኛል» ብሎ በ17 ሌሊት በአንድ ጊዜ አቁሞ ነበር። ያቆመው በቅን ልብ ነው። የጣለውም ድንገት ማቆሙ ነው።

በጎጃም ከተሞች በአእምሮ ሕክምና ነርስነት ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። ይህን የምጽፈው ሥራቸውን ላላጓደሉ፣ ደመወዛቸውን ለልጆቻቸው ለሚያደርሱ፣ ጎረቤት «ጨዋ ሰው» ለሚላቸው ነው። ቤቱ የፈረሰበትን ሰው ዘመድ ይዞት ይመጣል። ሥራውን የሚሠራውን ግን ማንም አያመጣውም፤ በገዛ እግሩ መምጣት አለበት፤ ስለዚህም ይዘገያል።

«ከበዓሉ በኋላ እመጣለሁ»

ከየትኛው በዓል በኋላ? እንቁጣጣሽ ሲያልፍ መስቀል አለ። ከዚያ ኅዳር ሚካኤል፣ ኅዳር ጽዮን፣ ታኅሣሥ ገብርኤል፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ቃና ዘገሊላ ይከተላሉ። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ይከበራል፤ ዘመድ ይጠራል። ጥርን ሙሉ ሰርጉ አያባራም። በየወሩ ማኅበር፣ በየእሑዱ ሰንበቴ አለ። ዐቢይ ጾም ሲገባ «አሁንማ አልጠጣም፣ ምን ያስኬደኛል?» ይባላል፤ ፋሲካ ሲደርስ ዙሩ እንደገና ይጀምራል። በእኛ አገር ጌሾ የማይወቀጥበት ወር የለም። በዓል የሌለበትን ሳምንት የሚጠብቅ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ይጠብቃል።

እኔም በዚህ ስህተት ተባባሪ ሆኜ አውቃለሁ። ሥራ በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ገና ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው አንድ የአይሱዙ ሹፌር መጡ። የዓባይን በረሃ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይወርዳሉ፣ ይወጣሉ። «ጠዋት ሁለት መለኪያ ካልቀመስሁ መሪው በእጄ ላይ ይንቀጠቀጣል» አሉኝ። ወረፋው ረጅም ነበር። «ጋሼ፣ በዓሉን ከልጆችዎ ጋር ያሳልፉና በጥር መጀመሪያ ይምጡ» አልኋቸው። ደግነት መስሎኝ ነበር። በጥር አልመጡም። የመጡት በግንቦት ነው፤ መኪናውን ገደል አፋፍ ላይ ገልብጠው፣ ረዳታቸው እግሩን አጥቶ። ከዚያ ወዲህ «በዓሉ ይለፍ» ብዬ ማንንም መልሼ አላውቅም።

የሚመቸው ከበዓሉ ሁለት ሳምንት ያህል ቀድሞ መጀመር ነው። ከባዱ መንቀጥቀጥና እንቅልፍ ማጣት አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ስለሚረግብ፣ በዓሉ ሲደርስ ሰውነትዎ ተረጋግቶ ያገኝዎታል። የቀረዎት ሦስት ቀን ብቻ ቢሆንም ይምጡ።

በአንድ ሌሊት ማቆም

ለረጅም ጊዜ በየቀኑ የጠጣ አንጎል መጠጡን ለምዶ ሚዛኑን በእርሱ ላይ አድርጓል። መጠጡ ድንገት ሲቀር ከመጨረሻው ብርጭቆ 6 ሰዓት ያህል ቆይቶ እጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን ይጀምራል። የሚጥለው መንፈራገጥ በብዛት የሚመጣው በ6 እና በ48 ሰዓት መካከል ነው። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ትኩሳት ሊከተል ይችላል፤ ይህ ሳይታከም ከቀረ ይገድላል። የበዓል ማግስት ሕመምተኞቻችን በሦስተኛው ቀን የሚበዙት በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ስለት ከመሳልዎ፣ ለንስሐ አባትዎ «ከዛሬ ጀምሮ» ብለው ቃል ከመግባትዎ በፊት ወደ ሕክምና ጎራ ይበሉ። ጸበል ሊገቡ ካሰቡም ይግቡ፤ ማንም አይከለክልዎትም። ግን መድኃኒቱን ይዘው ይግቡ፤ አብሮዎት የሚያድረውም ሰው ምልክቶቹን ይወቅ። ሰይጣን ለቀቀው ተብሎ ሲጨበጨብለት ያደረ፣ ሲነጋ ግን ነፍሱን ስቶ የመጣልን ወጣት አለ፤ ያ ሁሉ ሌሊት የሕክምና ሰዓት ነበር።

መጀመሪያ ሲመጡ «እጅዎን ይዘርጉ» እላለሁ፤ በተዘረጉት ጣቶች ላይ አንድ ስስ ወረቀት አስቀምጣለሁ። ዓይን የማያየውን መንቀጥቀጥ የወረቀቱ ጠርዝ ያሳያል። ከዚያ ስለ መጠኑ፣ ስለ ሰዓቱ፣ ከዚህ በፊት ወድቀው እንደሆነ እጠይቃለሁ። ከዚህ በፊት ሲያቆም የወደቀ ወይም የቃዠ፣ ሌላ ከባድ ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ቤቱ ውስጥ ብቻውን የሚኖር ሰው ለተመላላሽ ሕክምና አይመችም፤ አልጋ ያስፈልገዋል። ሌሎቻችሁ በየቀኑ እየተመላለሳችሁ፣ መጠኑ ደረጃ በደረጃ በሚቀነስ መድኃኒትና በቫይታሚን ቢ1 ትታከማላችሁ። ይህን መድኃኒት ከጎረቤት ተውሰው፣ ከመጠጥ ጋር አይውሰዱ፤ ሁለቱ ተባብረው ትንፋሽ ሊያቆሙ ይችላሉ።

«ጠላ መጠጥ አይደለም»

ስንት እንደሚጠጣ ስጠይቅ የሚነገረኝ ቁጥር ሁልጊዜ ግማሽ ነው። አንዳንዱ ያፍራል። አብዛኛው ግን ጠላውን ከቁጥር አያስገባም፤ ከእንጀራ ጋር ይመድበዋል። የመለኪያ መጠን ከቤት ቤት ቢለያይም፣ 40 ሚሊ ሊትር የምትይዝ መለኪያ ጠንካራ አረቄ ከአንድ ጠርሙስ ቢራ የማያንስ አልኮል አላት። 4 በመቶ አልኮል ያለው አንድ ሊትር ጠላ ከሁለት ጠርሙስ ቢራ ይበልጣል። መድኃኒቱን የምንለካው በሚነግሩን ቁጥር ነው። ግማሹን ከነገሩን ግማሽ መድኃኒት ይዘው ይሄዳሉ፤ በሁለተኛው ሌሊት ይንቀጠቀጣሉ፤ «መድኃኒቱ አይሠራም» ብለው ይተዉታል።

«ሁዳዴን አልጠጣሁም፣ ሱስ የለብኝም»

55 ቀን መታገስዎ የሚያስመሰግን ነው፤ ግን ጥያቄው በፋሲካ ማግስት ምን ሆነ የሚለው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው አሥር ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አለ፤ ጠዋት ለመንቃት መጠጥ አስፈልጎዎት ያውቃል ወይ ይላል፤ ከጀመሩ በኋላ ማቆም አቅቶዎት ያውቃል ወይ ይላል። ከሥራ ተባርረዋል ወይ የሚል ጥያቄ ግን የለበትም።

ግሉኮስ ማሰቀል

በበዓል ማግስት ብዙ ሰው ክሊኒክ ገብቶ «ግሉኮስ ይሰቀልልኝ» ይላል። ለዓመታት የጠጣ፣ በወጉ ያልበላ ሰው ሰውነቱ ውስጥ ቫይታሚን ቢ1 ተሟጧል። ቢ1 ሳይሰጥ ግሉኮስ ከቀደመ አንጎልን እስከ ወዲያኛው ሊጎዳ ይችላል። የሚሰቅልልዎትን ባለሙያ «መጠጥ አዘወትራለሁ» ይበሉት።

ጨጓራዬን፣ እንቅልፌን እያሉ ለዓመታት እየተመላለሱ ስለ መጠጡ አንድ ቃል አለመተንፈስም ከዚሁ ይመደባል።

መጠጡን በጫት መተካትም እንዲሁ፤ ምርቃናውን ለማብረድ ሰው ወደ አረቄው ይመለሳል።

ለማንም ሳይናገሩ ግብዣ ላይ መቀመጥ

በጎጃም ቤት ባዶ ብርጭቆ ይዞ መቀመጥ አይቻልም። «በሞቴ! ይቺን ብቻ! ቤቴን ንቀህ ነው?» ትላለች የቤቱ እመቤት፤ ፍቅሯ ነው። «ጨጓራዬን ትንሽ አሞኝ» ያለ ሰው «የእኔ ጠላ ጨጓራ አይነካም» የሚል መልስ ያገኛል፤ ከዚያ ወዲያ መከላከያ የለውም። የሚሠራው አንድ አጭር ቃል ነው፦ «መድኃኒት ላይ ነኝ፣ ሐኪም ከልክሎኛል።» ማብራሪያ አይጨምሩበት። በእኛ ባህል መድኃኒት የያዘን ሰው የሚያስገድድ የለም።

አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ለእናቱ ብቻ ነገራቸው። እናቱ ለገና ትንሽ ገንቦ ብርዝ ለብቻው በጠበጡለት፤ ከጠጁ እንዳይቀላቀል በገንቦው አንገት ላይ ቀይ ክር አሰሩበት። እንግዳ በሞላበት ቤት ከዚያች ገንቦ በራሳቸው እጅ ብቻ ይቀዱለት ነበር። በሦስተኛው ቀን ቀምሰው መፍላት ጀምሮ ስላገኙት ደፍተው አዲስ በጠበጡለት። ይህችን ልብ ይበሉ፤ የቆየ ብርዝ ጠጅ ነው። ቅራሪም ቢሆን አልኮል አለው።

መድኃኒት ደብቆ መስጠት

ይህ ለቤተሰብ ነው። ዳይሰልፊራም የሚባለው መድኃኒት ሰውየው ሲጠጣ ፊቱን የሚያቀላ፣ ልቡን የሚያስመታ፣ የሚያስመልስ ነው፤ ኃይሉ መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ እስከ ሁለት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። የሚወስደው ሰው አውቆ፣ ፈቅዶ፣ ልቡና ጉበቱ ተመርምሮ ነው መውሰድ ያለበት። አንዲት ሚስት ከሰው ያገኘችውን ፍሬ ፈጭታ በፋሲካ ዶሮ ወጥ ውስጥ ጨመረችው። ባልየው ጠጁን ሲጨምርበት የደም ግፊቱ ወርዶ፣ ራሱን ስቶ መጣልን። ተረፈ። ከዚያ በኋላ ግን በቤቱ የቀረበለትን ምግብ መብላት አቆመ፤ እኛም ዘንድ አልተመለሰም።

«ወድቄ በምን ዓይኔ እመጣለሁ?»

ብዙ ሰው የምናጣው እዚህ ላይ ነው። ሦስት ሳምንት በደንብ ሰንብቶ፣ በበዓሉ ቀን ይጠጣና በቀጠሮው ይቀራል። እንደሚቆጡት ያስባል። እንቆጣ ይሆናል ብዬ አልዋሽም፤ ሥራ ሲበዛብን ፊታችን የሚጠቁርበት ቀን አለ። ቢሆንም ይምጡ፤ ሞቅ ብሎዎትም ቢሆን ይምጡ። መንገድ ሊዘጋ የሚችልበት ሰሞን ከሆነም አስቀድመው ይንገሩን፤ በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ደብዳቤ እንጽፋለን።

አረቄ አውጥተው ልጆች ያሳደጉ አንዲት እናት ነበሩ። ሲያወጡ መቅመስ ግድ ነው፤ ከቅምሻው ነው የጀመራቸው። ከታኅሣሥ ጀምሮ አቁመው፣ መቅመሱን ለልጃቸው አስረክበው ነበር። ጥር 14 ቀን ቀጠሮ ነበራቸው። ጠዋት መጥተው ግቢው በር ላይ እስከ ቀትር ቆሙ፤ በመጨረሻ ጥበቃው አስገባቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ተቀመጡ።

«ስንት መለኪያ፣ እናቴ?»

«አራት።»

«መቼ?»

«ከትናንት ወዲያ ማታ፣ ለቃና።»

ሰዓቱን አብረን ቆጠርን። ወረቀቱን ጣታቸው ላይ አስቀመጥሁ፤ ጥቂት ብቻ ተንቀሳቀሰ። ካርዳቸው ላይ የሁለት ሳምንቱን ቀጠሮ ሰርዤ የሁለት ቀን አደረግሁት። ጥር 16 ቀን ጠዋት በሩን ልከፍት ስመጣ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።