የአገሮችን የትራፊክ አደጋ ቁጥር ስታወዳድሩ እንዳትሸወዱ

በፈረንጆቹ 2016 ኢትዮጵያ ውስጥ ተመዝግቦ ሪፖርት የተደረገው የመንገድ አደጋ ሞት 4,352 ነው፣ ያኔ ህዝባችን 102 ሚሊዮን ገደማ ስለነበር ስታካፍሉት ከመቶ ሺህ ሰው 4 ምናምን ይመጣላችኋል። አሜሪካ በዛው አመት 12 ገደማ ነበረች። እንግዲህ በዚህ ሂሳብ ከሄድን ቀለበት መንገድን ሮጦ መሻገር አሜሪካ ከመኖር በሶስት እጥፍ ይሻላል ማለት ነው፣ እስቲ ማን ያምናል?

ስለዚህ ኬንያ ትብሳለች እኛ እንብሳለን ብላችሁ ከመከራከራችሁ በፊት ማን እንደቆጠረው እዩ። የትራፊክ ፖሊስ አደጋው ቦታ ደርሶ ያየውን ይመዘግባል፣ ግን ሰውየው በሚኒባስ ተጭኖ ሆስፒታል ሄዶ ሁለት ሳምንት ተኝቶ ቢሞት ወሬው ተመልሶ ፖሊስ ጋ የሚደርሰው ስንቴ ነው? በአለም አቀፍ አቆጣጠር ከአደጋው በኋላ በ30 ቀን ውስጥ የሞተ ሁሉ የትራፊክ ሟች ነው። ለዚህ ነው የአለም ጤና ድርጅት በ2018 ሪፖርቱ ከተመዘገበው ጎን የራሱን ግምት ያስቀመጠው፣ ለኛ 27,326 ነው ያለው፣ ከስድስት እጥፍ በላይ። ኬንያ 2,965 ብላ 13,463 ተገመተላት። ታይላንድ ግን 21,745 መዝግባ ግምቱ 22,491 ነው፣ ምክንያቱም እነሱ የፖሊስን፣ የሞት ምዝገባንና የኢንሹራንስን ዳታ አንድ ላይ ያጣራሉ። የታይላንድ መንገድ በእርግጥም መጥፎ ነው፣ ግን በተመዘገበው ብቻ ብታወዳድሩ ከኛ ሰባት እጥፍ የባሰች ትመስላለች፣ ይሄ ደግሞ በደንብ ስለቆጠረች መቀጣት ነው።

እና ኤክሴል ላይ የተመዘገበውንና የተገመተውን ጎን ለጎን አድርጉና ግምቱን ለተመዘገበው አካፍሉ። ወደ 1 ከቀረበ ቆጠራው ደህና ነው፣ 4 እና 6 ከሆነ በተመዘገበው ቁጥር ደረጃ አታውጡ። ግምቱም ቢሆን ግምት ነው፣ በሞዴል የወጣ፣ ከመቶ ሺህ ሰው ኢትዮጵያ 26.7 ኬንያ 27.8 ስላለ በለጥናቸው ብላችሁ ፖስት እንዳታደርጉ፣ እኩል ነን በሉና እለፉ።

ሌላው የኛ ጣጣ ካላንደሩ ነው። የኛ ሪፖርት ብዙ ጊዜ ከሐምሌ እስከ ሰኔ ባለው በጀት አመት ነው፣ የ2008 በጀት አመት ማለት ከ2015 አጋማሽ እስከ 2016 አጋማሽ ነው፣ የሌሎቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር።

ከዛ በምን እንደምታካፍሉ ወስኑ፣ ትልቁ ማጭበርበሪያ እዚህ ጋ ነው። ያ 4,352 በህዝብ ሲካፈል ጎበዝ አደረገን አይደል? በመኪና አካፍሉት፣ ያኔ የተመዘገበው ተሽከርካሪ 700 ሺህ ገደማ ስለነበር ከ10 ሺህ መኪና 62 ሞት ይመጣል፣ ይሄ ደግሞ አስደንጋጭ ነው። ሟቾቹ እነዛው ናቸው እኮ! ስሚድ የሚባል እንግሊዛዊ ገና በ1949 እንዳሳየው መኪና ሲበዛ ለአንድ መኪና የሚደርሰው ሞት እየቀነሰ ይሄዳል፣ ስለዚህ አንድ ሚኒስቴር ከ10 ሺህ ተሽከርካሪ ይሄን ያህል ቀነስን ሲላችሁ መኪናው ስለበዛ ይሁን መንገዱ ስለተሻለ ጠይቁ። እኔ በህዝብ ነው የማካፍለው፣ በመኪና የማካፍለው የመኪና ብዛታቸው ለህዝባቸው ሲታይ የተቀራረቡ አገሮችን ሳወዳድር ብቻ ነው።

ማን እንደሚሞትም ለዩ። ታይላንድ ውስጥ ከአራት ሟች ሶስቱ ገደማ ባለ ሁለትና ሶስት እግር ተሽከርካሪ ላይ ያለ ሰው ነው፣ አዲስ አበባ ውስጥ በብዛት የሚሞተው እግረኛ ነው። ቬትናም በዲሴምበር 2007 ሄልሜት ግዴታ አድርጋ ወዲያው ሁሉም ማለት ይቻላል ማድረግ ጀመረ፣ በጣም ጥሩ ስራ ነው፣ ግን ዜብራ ላይ ለሚገጨው የኛ ሰው ምን ይጠቅመዋል? እግረኛን ከእግረኛ፣ ሞተረኛን ከሞተረኛ ጋር አወዳድሩ።

አገሪቷን ከራሷ ጋር ስታወዳድሩ ቢያንስ የአምስት አመት ዳታ ያዙ፣ እና መሀል ላይ የሆስፒታል መዝገብ መጨመር ጀምረው ከሆነ ግራፉ ያለምንም ተጨማሪ አደጋ ወደ ላይ ይተኮሳል፣ ያቺ አመት ላይ መስመር አስምሩና በፊትና በኋላ ለያይታችሁ አንብቡት።