«ጠበብ ያድርጉልኝ» ከማለታችሁ በፊት፦ ኮት ቁመና እንዲያወጣ እንዴት ይሠራል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የፒያሳ አሮጌ ሱቆች ገና ሳይነሱ፣ ለጓደኛዬ ሚዜ ሆንኩ። ወሩ ጥር ነው። ልብስ ሰፊዎች ቀና ብለው ሰው ለማየት ጊዜ የሚያጡበት ወር። ኮቴን ይዤ አንድ ሰፊ ዘንድ ሄድኩና «ጋሼ፣ ትንሽ ጠበብ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። በማግስቱ ጠቦ ተሰጠኝ።

ሠርጉ ላይ ኮቱን ስቆልፈው እምብርቴ ላይ የኤክስ ቅርጽ ያለው ሽብሽብ ወጣ። ዘፈኑ ሲሞቅ ደግሞ ባሰ። እጄን ባነሳሁ ቁጥር ኮቱ አብሮኝ ይነሳል፣ ኮሌታው ማጅራቴን ለቆ ጆሮዬ ሥር ይደርሳል። ቪዲዮው አለ። አላሳያችሁም።

ሰውየው ያልኳቸውን ነው ያደረጉት። ጥፋቱ «ጠበብ» የሚለው ቃል ላይ ነው። የት ነው የሚጠበው? ትከሻ፣ ብብት፣ ቁልፍ፣ ወገብ፣ ኮሌታ፣ ሁሉም ቁመና ላይ የየራሳቸው ሥራ አላቸው። ስለዚህ በቅደም ተከተል እንያቸው። ከሰልባጅ ለተገዛ ኮትም፣ ጨርቅ ተገዝቶ ለሚሰፋም ይሆናል።

1. መጀመሪያ ትከሻ

ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ትከሻውን እዩ። እጅጌው ከትከሻው ጋር የተጋጠመበት ስፌት የሚያርፈው የትከሻችሁ አጥንት የሚያልቅበት ጫፍ ላይ ነው። ካለፈ ኮቱ የተውሶ ይመስላል። ካነሰ ክንዳችሁ ጨርቁን ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ እጅጌው አናት ላይ እብጠት ይወጣል።

ቀላል መፈተኛ አለ። ግድግዳ ጎን ቁሙና ቀስ ብላችሁ በጎን ተጠጉ። ክንዳችሁ ሳይነካ የኮቱ ትከሻ ቀድሞ ግድግዳውን ከነካ ሰፊ ነው። መልሳችሁ ስቀሉት። ሻጩ «ይጠባል ወንድሜ፣ ቀላል ነው» ይላችኋል። ቀላል አይደለም። እጅጌው ይነቀላል፣ ገበሩ ይፈታል፣ ስፖንጁ ይወጣል፣ ከዚያ ተቆርጦ እንደገና ይገጠማል። የሚችሉ ሰፊዎች አሉ፤ ሒሳቡ ግን ከሰልባጅ ኮቱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

የትከሻ ስፖንጅ ለሁሉም ሰው አይደለም። ትከሻችሁ ወደ ታች ያዘቀዘቀ ከሆነ ቀጭን ስፖንጅ ያቃናዋል። ደልዳላ ትከሻ ካላችሁ ግን ሣጥን ያስመስላችኋል፤ ይውጣላችሁ። የጣሊያኗ ከተማ የኔፕልስ ሰፊዎች በፈረንጆቹ 1930ዎቹ ስፖንጁን ትተው እጅጌውን እንደ ሸሚዝ መግጠም ጀምረው ነበር። ጣሊያናዊው የልብስ ዲዛይነር ጆርጂዮ አርማኒም በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ስሙን የተከለው የኮትን ሆድ ዕቃ፣ ማለትም ስፖንጁንና የውስጥ ጨርቁን፣ አቅልሎ ነው። እኛ ጋ ግን አሁንም ብዙ ሰው ስፖንጁ ሲወፍር ክብር የሚጨምር ይመስለዋል።

2. ብብት፣ ማንም የማያየው ቦታ

የእጅጌው ቀዳዳ በሰፋ ቁጥር እጅ እንደልብ የሚንቀሳቀስ ይመስላል። ነገሩ ተቃራኒ ነው። ቀዳዳው ወደ ታች ወርዶ ከተቆረጠ እጅጌው ከጎኑ ጋር እንደ ሌሊት ወፍ ክንፍ ይያያዛል፤ ክንድ ሲነሳ ኮቱን በሙሉ ይጎትታል። ወደ ብብት የተጠጋ ቀዳዳ ግን ክንዱን ለብቻው ይለቀዋል። ከፊት ሲታይም በክንዳችሁና በወገባችሁ መካከል ክፍተት ይፈጠራል። ሸንቃጣ የሚያስመስለው ያ ክፍተት ነው።

ለዚህ ከእስክስታ የተሻለ መፈተኛ አላውቅም። ኮቱን ቆልፉና ሰፊው ፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ትከሻችሁን ምቱ። ይሳቅባችኋል፤ ይሁን። ኮሌታው ማጅራታችሁ ላይ ከቆየ ብብቱ ደህና ነው። የእኔ ኮት ይህን ፈተና ከመጀመሪያውም አያልፍም ነበር፤ ጎኑ ሲጠብ የነበረችውም ትንሽ ትርፍ ጠፋች።

ዝቅ ብሎ የተቆረጠ ብብት ወደ ላይ አይመለስም፣ ጨርቁ የለማ። አዲስ የምታሰፉ ከሆነ ግን ከመቆረጡ በፊት «ብብቱን ከፍ ያድርጉልኝ» በሉ። ይህን ዓረፍተ ነገር የሰማ ሰፊ ከዚያ በኋላ በሌላ ዓይን ነው የሚያያችሁ።

3. ቁልፉ የት ይውላል?

ሁለት ቁልፍ ባለው ኮት የላይኛው እምብርት አካባቢ ወይም ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ይውላል። የሚያያችሁ ሰው ዓይን ሰውነታችሁን ከሁለት የሚከፍለው እዚያ ላይ ነው። ዝቅ ሲል እግር ያጥራል። በጣም ከፍ ሲል ደግሞ ኮቱ ባለፈው ዓመት ልክ የነበረ ይመስላል። የላይኛው ይቆለፋል፣ የታችኛው ክፍት ይተዋል፤ የኮቱ ፊት ሲቆረጥም ከታች እንዲከፈት ተደርጎ ነው። ሁለቱንም መቆለፍ ዳሌውን ጨምድዶ ይይዘዋል።

4. ወገብ፣ አሁን «ጠበብ» ማለት ይቻላል

ኮቱን ቆልፉና ጡጫችሁን በቁልፉና በሆዳችሁ መካከል አስገቡ። ልክክ ብሎ ከገባ በቂ ነው። ተንዘላዝሎ የሚገባ ከሆነ ይጠበብ፤ ግን ከጎኑ ስፌትና ከጀርባው መሐል ተከፋፍሎ ይሁን። ሁሉም ከአንድ ቦታ ከተወሰደ ኪሶቹ ወደ ኋላ ይሸሻሉ። በጠቅላላው ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ብዙ ነው። የኤክሱ ሽብሽብ ከታየ አልፋችኋል።

ቦርጭ ላለው ሰው ምክሬ ሌላ ነው። ወገቡን አትንኩት። ከደረት ወደ ታች ቀጥ ብሎ የሚወርድ ኮት ሆድን ይደብቃል፣ የጠበበ ኮት ግን ሆድን ያስተዋውቃል።

5. ኮሌታና ደረት

ደረት ላይ የሚታጠፈው ኮሌታ ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ቢሆን ለአብዛኛው ሰው ይስማማል። ቀጭን ኮሌታ ሰፊ ደረት ላይ ሲውል ደረቱን ሜዳ ያደርገዋል። ሰፊ ኮሌታ ደግሞ ቀጭኑን ሰው ይውጠዋል። ጫፉ ወደ ትከሻ ቀና ያለው ዓይነት ትከሻን ያሰፋል፣ አጠር ላለ ሰውም ቁመት ይጨምራል፤ ሙሽራ ቢለብሰው ያምርበታል። ከኋላ በኮሌታውና በሸሚዛችሁ መካከል ክፍተት ካለ ለሰፊው አሳዩት።

6. ርዝመትና እጅጌ

ኮቱ መቀመጫችሁን ይሸፍን፣ ከዚያ አይለፍ። እጅጌው የእጅ አንጓ ላይ ቆሞ የሸሚዙን ጫፍ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ያሳይ። አባቶቻችን «እጀ ጠባብ» ብለው ልብሱን በሙሉ በእጅጌው መጥራታቸው ያለ ነገር አይደለም። ከተፈሪ ሱሪ ጋር ሲለብሱት ቅርጹን ያስቡበት ነበር፤ ከላይ ሰፋ፣ ከጉልበት በታች ጥብቅ።

7. ኪስና ስንጥቅ

የኪስ ክዳን ዳሌ ላይ ጨርቅ ይጨምራል። ዳሌያችሁ ሰፋ ያለ ከሆነ ክዳኑን ወደ ውስጥ አስገቡት። ገደድ ብሎ የተሰፋ ኪስ ወገብን ያሳንሳል።

ከኋላ ስንጥቅ የሌለው ኮት ቆመው ሲያዩት ያምራል። ችግሩ ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ በሚኒባስ፣ ተጠጉ ተጠጉ እየተባለ ሲኬድ ነው። ኮቱ ወገብ ላይ ተሰብስቦ ይታሻል። መቀመጫው ሞላ ያለ ሰው የጎን ሁለት ስንጥቅ ይምረጥ። የመሐሉ አንድ ስንጥቅ እንደ መጋረጃ ይከፈትበታል።

8. ውስጡንም ዳብሱ

ከደረቱ በታች የላዩን ጨርቅና ገበሩን በጣት ለያይታችሁ እሹት። በመሐል ለብቻው የሚንሸራተት ሦስተኛ ጨርቅ ካለ ደረቱ በስፌት የተያዘ ነው፤ ከገላችሁ ጋር ቅርጽ ይይዛል። ከሌለ በሙጫ የተለጠፈ ሳይሆን አይቀርም። መጥፎ ነው ማለት አይደለም፣ ግን በጣም የጋለ ካውያ አታሳዩት፣ በውኃም አታጥቡት፤ ሙጫው ከለቀቀ ደረቱ ያብጣል። ለአዲስ አበባ ጠዋትና ቀትር ደግሞ በሜትር ከ260 እስከ 300 ግራም የሚመዝን ሱፍ ይስማማል።

9. ሰፊው ዘንድ ስትሄዱ

በዕለቱ የምትለብሱትን ሸሚዝና ጫማ አድርጋችሁ ሂዱ። ስልካችሁንና ቦርሳችሁን ሁልጊዜ በምትይዙበት ኪስ ክተቱ። መስታወት ፊት ሆድ አታስገቡ፤ ሠርጉ ላይ ክትፎ አለ። በቃል ብቻ ሳይሆን በስፒል ይያዝላችሁና ተቀመጡበት፣ ተነሱበት። ገበሩ ከመዘጋቱ በፊትም አንድ ጊዜ ተመልሳችሁ ልበሱት። በጥር ይህን መጠየቅ ድፍረት ስለሆነ በታኅሣሥ ጀምሩ።

ኮቱን ተረክባችሁ ከወጣችሁ በኋላ መቀስ ያዙ። ስንጥቁ እንዳይከፈት ጫፉ ላይ በኤክስ የተሰፋች ክር አለች። እጅጌው ላይ ደግሞ የድርጅቱ ስም ያለበት ጨርቅ። ሁለቱም ለመደርደሪያ ነው የተሰፉት። ቸርችል ላይ ከነክሩ ሲወርድ ያየሁት ሰው ብዙ ነው። ሮጬ ልቆርጥለት እያማረኝ ትቼዋለሁ።