ዓይን የሳተውን ስንጥቅ በንዝረት ሙቀት መያዝ

ቴስታታ (የሞተሩን ሲሊንደሮች ከላይ የሚከድነው ክፍል) ወይም ቤላ (ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው ክንድ) መልሶ ከመግጠም በፊት ይህ ፍተሻ ብዙ ኪሳራ ያድናል። ብረቱ በ20 ኪሎኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 20 ሺህ ጊዜ፣ ሲንቀጠቀጥ የስንጥቁ ሁለት ግድግዳዎች ይፋተጋሉ፤ የሚወጣውን ሙቀት የሙቀት ካሜራ ያየዋል።

መጀመሪያ ዘይቱን አጥባችሁ አድርቁ፤ ስንጥቅ ውስጥ የቀረ ዘይት ፍትጊያውን ያለዝበዋል። ያልተቀባ አሉሚኒየም የአካባቢውን ሙቀት እንደ መስታወት ስለሚያንጸባርቅ የማያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም በስሱ ንፉበት። ዕቃውን በጎማ ወይም በወፍራም ካርቶን ላይ እሰሩ፤ ብረት ከብረት ጋር ከተነካካ የማሰሪያው ቦታ ራሱ ይግላል።

ለንዝረቱ የፕላስቲክ መበየጃ አልትራሳውንድ ማሽን፣ 1 ወይም 2 ኪሎዋት፣ ይበቃል። በማሽኑ የሚንቀጠቀጥ ጫፍና በዕቃው መካከል ስስ የመዳብ ቁራጭ አድርጋችሁ አጥብቃችሁ ተጫኑ፤ ከላላ ይደበድበዋል። ካሜራው የ0.05 ዲግሪ ልዩነት የሚለይ፣ በሰከንድ ቢያንስ 50 ምስል የሚያነሳ ይሁን። ቀረጻውን አስቀድማችሁ ጀምሩ፣ ከ1 ሰከንድ ላልበለጠ ጊዜ አንቀጥቅጡ፣ ከዚያ የመጀመሪያውን ምስል ከቀሪዎቹ ቀንሱ። ስንጥቁ ወዲያው ደምቆ ይወጣል፣ ቀስ በቀስም ይደበዝዛል።

አንድ ሙከራ ግን ፈጽሞ አይበቃም። ንዝረቱ በማይደርስበት ነጥብ ላይ ያለ ስንጥቅ ጸጥ ይላል፤ ስለዚህ ጫፉን ወደ ሌላ ቦታ አዛውራችሁ ድገሙ። ጫፉ ሲዛወር አብሮ የሚዛወር ትኩሳት ስንጥቅ አይደለም፤ ቦታውን የማይለቀው ነው የሚያሳስበው። አፉን የከፈተ ሰፊ ስንጥቅ ግድግዳዎቹ ስለማይነካኩ አይሞቅም፤ እሱን በቀለም ፍተሻ፣ ማለትም ስንጥቅ ውስጥ ሰርጎ በሚገባ ቀለም፣ ፈልጉት።

ከቀትር ፀሐይ ራቁ፤ የጆሮ መከላከያ አድርጉ። ኃይሉን ከዝቅተኛው ጀምራችሁ ጨምሩ፤ ከልክ ያለፈ ንዝረት ስንጥቁን ያሳድገዋል።