ከፈቃድ በፊት የሚገባ ኩኪ፦ ችግርና መፍትሄ

ጎብኚው ምንም ሳይጫን ኩኪ ይቀመጣል

ኩኪ ድረ ገጽ በጎብኚው ብራውዘር ላይ የሚያስቀምጠው ትንሽ መረጃ ነው። ከኩኪ ፈቃድ ችግሮች በብዛት የሚያጋጥመውም፣ የከፋውም ይህ ነው። ለማረጋገጥ በክሮም አዲስ የኢንኮግኒቶ መስኮት ክፈቱና ገጹን ጫኑ። ኤፍ12 ተጭናችሁ «አፕሊኬሽን» በሚለው ትር ሥር «ኩኪስ» የሚለውን ተመልከቱ። የፈቃድ መጠየቂያውን ሳትነኩት የአናሊቲክስ (የጎብኚ መለኪያ) ወይም የማስታወቂያ ኩኪ ከተዘረዘረ፣ መጠየቂያው ሥራውን አልሠራም። የአውሮፓ ኅብረት የኢፕራይቬሲ መመሪያ አንቀጽ 5(3) ፈቃድ የሚፈልገው መረጃው በጎብኚው መሣሪያ ላይ ከመቀመጡ በፊት ነው።

ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ስክሪፕቱ (ኩኪውን የሚያስቀምጠው ኮድ) ከመጠየቂያው ጋር ሳይያያዝ በቀጥታ ገጹ ውስጥ መለጠፉ ነው። አንዱ ቅጂ በታግ ማናጀር (እንዲህ ያሉ ስክሪፕቶችን፣ ማለትም ታጎችን፣ በአንድ ቦታ በሚያስተዳድር መሣሪያ) ታስሮ ሌላው በፕለጊን ወይም በቴምፕሌት ውስጥ ተረስቶ ሲቀር ደግሞ ፍለጋው ሰዓታት ይበላል።

የገጹን ምንጭ ኮድ ከፍታችሁ የአናሊቲክሱን መለያ ቁጥር ፈልጉ፤ ሁለት ቦታ ካገኛችሁት አንዱን አጥፉ። የቀረው ፈቃድ ሲሰጥ ብቻ ይነሳ። የጎብኚውን ምርጫ ለጉግል ታጎች የሚያስተላልፈውን የጉግል ኮንሰንት ሞድ ከተጠቀማችሁ፣ መነሻውን «ተከልክሏል» የሚያደርገው ትእዛዝ ከታጉ በላይ መጻፍ አለበት፤ ከታች ከሆነ ታጉ ይቀድመዋል። የዩቲዩብ ቪዲዮ ካለም እስኪፈቀድ ድረስ በቦታው ምስል አስቀምጡ። የመግቢያና የግዢ ቅርጫት ኩኪዎችን ግን አትዝጉ፤ ለአገልግሎቱ የግድ ስለሚያስፈልጉ ፈቃድ አይሹም።

በሳፋሪ መጠየቂያው በየሳምንቱ ይመለሳል

ሳፋሪ በጃቫስክሪፕት የተጻፈ ኩኪን ከ7 ቀን በላይ አያቆይም። ምርጫውን የሚይዘው ኩኪ ከራሱ ከሰርቨሩ በሄደር (ከገጹ ጋር አብሮ በሚላከው መግለጫ) ይላክ። ለዕድሜው 6 ወር ይበቃል፤ የፈረንሳይ የግል መረጃ ጥበቃ ባለሥልጣንም ይህን ጥሩ አሠራር ይለዋል።

«ሁሉንም አትቀበል» ሁለተኛው ገጽ ላይ ተደብቋል

ይህ የኮድ ስህተት አይደለም፤ ሰውን ማድከም ነው። የፈረንሳዩ ባለሥልጣን ኩኪን አለመቀበል እንደ መቀበል ቀላል ባለመሆኑ ጉግልን 150 ሚሊዮን፣ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ መቅጣቱን በጥር 2022 እ.ኤ.አ. አስታውቋል። ሁለቱም ቁልፎች በአንድ ገጽ፣ በእኩል መጠን ይቀመጡ። ቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥንም ፈቃድ አይባልም።

ፈቃዱ ተነሥቶም ኩኪው አይጠፋም

ማጥፊያው ትእዛዝ ኩኪው ሲፈጠር ከተሰጠው ዶሜይንና ፓዝ (የድረ ገጹ ስምና ኩኪው የሚሠራበት የአድራሻ ክፍል) ጋር ካልተመሳሰለ ብራውዘሩ ሌላ ኩኪ ነው ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱን ከዚያው «ኩኪስ» ዝርዝር ላይ ቀድታችሁ እንዳሉ ጻፉ፤ በዶሜይኑ መጀመሪያ ነጥብ ከሌለ ግን ዶሜይኑን ትታችሁ ፓዙን ብቻ ጻፉ። ከዚያ ገጹን እንደገና ጭናችሁ ኩኪው ተመልሶ አለመምጣቱን እዩ።