ዘረመል በመቀስና በፕላስተር

ደሴ ላይ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ዲኤንኤ የሚቆርጥ ኢንዛይም የለንም፤ መቀስ ግን አለን። የሰውን ዘረመል ወደ ባክቴሪያ ማሻገርን የማሳየው በወረቀት ነው። እናንተም ሞክሩት።

ሁለት ጣት የሚሰፋ፣ ክንድ የሚያህል ነጭ ወረቀት ቅደዱ። በሁለት ረድፍ የዲኤንኤ ፊደላትን ጻፉበት፦ ከኤ ሥር ቲ፣ ከጂ ሥር ሲ፤ ተገላቢጦሹም እንደዚያው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የላይኛው ረድፍ «ጂ ኤ ኤ ቲ ቲ ሲ» ይበል። ጫፎቹን በፕላስተር አገናኙና ቀለበት አድርጉት። ይህ ፕላዝሚድ ነው፤ ባክቴሪያ የሚይዘው ትንሽዬ ክብ ዲኤንኤ። ካኪ ወረቀት ላይ ደግሞ «ኢንሱሊን» ጻፉና ግራና ቀኙን በእነዚያው ስድስት ፊደላት እጠሩት፤ ይህ የስኳር ሕመምተኞች የሚወጉትን ኢንሱሊን የሚያሠራው የሰው ዘረመል ነው።

አሁን መቁረጥ። ተማሪዎቼ እዚህ ላይ ይቸኩላሉ፤ ከላይ እስከ ታች ቀጥ አድርገው ይሸረክቱታል። ኢኮ አር ዋን የሚባለው ኢንዛይም እንዲያ አይቆርጥም። መቀሱን ከላይ በጂና በኤ መካከል አስገቡ። ረድፎቹ መካከል ስትደርሱ ወደ ቀኝ ታጠፉና አራት ፊደል ሂዱ። ከዚያ ወደ ታች ውረዱ። ደረጃ መሰለ አይደል? በየጫፉ ጥንድ ያጡ አራት ፊደላት ይንጠለጠላሉ። ካኪውንም እንዲሁ ስትቆርጡት ጫፎቹ ከነጩ ጋር ልክክ ይላሉ። ከሰው ይምጣ ከባክቴሪያ፣ ጫፍ ዘር አይጠይቅም። የሚያጣብቀው ፕላስተር ላይጌዝ የተባለው ኢንዛይም ነው።

ዓምና ከሐይቅ የመጣ አንድ ልጅ ካኪውን ረስቶ ባዶውን ቀለበት መልሶ ዘጋው። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ይሄ ግን ላብራቶሪም ውስጥ ያለ ጣጣ ነው።

የቀረው በወረቀት አይሆንም። ላብራቶሪ ውስጥ ባክቴሪያዎቹን ካልሲየም ክሎራይድ የተባለ ጨው በሟሟበት ውሃ አድርገው በረዶ ላይ ያቆዩአቸዋል፤ 42 ዲግሪ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ገደማ ይነክሯቸውና ወደ በረዶው ይመልሷቸዋል። ያኔ ጥቂቶቹ ቀለበቱን ያስገባሉ። ፕላዝሚዱ አንቲባዮቲክን የሚያስቋቁም ዘረመል ስላለው፣ አንቲባዮቲክ ሲጨመር ቀለበት የሌላቸው ይሞታሉ። የዚያ ልጅ ባዶ ቀለበት የገባባቸውም ግን ይተርፋሉ። ስለዚህ የተረፉትን መመርመር ግድ ነው።

ባክቴሪያ ኢንሱሊን የሠራው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው፤ አሜሪካ ለሕክምና የፈቀደችው በ1982። ከዚያ በፊት ከአሳማና ከከብት ቆሽት ነበር የሚወጣው።

አንዷ ተማሪዬ ደነገጠች። «ቲቸር፣ አክስቴ የምትወጋው ባክቴሪያ ነው?»

«አብሽሪ፤ ባክቴሪያው፣ አንዳንዴም እርሾ፣ ያመርተዋል እንጂ አብሮ አይወጋም። ተጣርቶ ነው የሚወጣው።»

ለአክስቷ ልታሳይ ቀለበቱን ይዛ ሄደች።